የወይዘሮ ፕሮሰር መሐረብ

ፈጣሪ አንድን ሰፈር ሠርቶ ሲጨርስ፣ ነዋሪው ተመችቶት እንዳይተኛ ብሎ አንዲት ሴት ያስቀምጥበታል። ይህች ሴት ዓለምን እንደ ራሷ ጓዳ የምትቆጥር ናት። መንገድ ሲቆፈር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ቆፋሪዎቹን ታዛለች፤ የወተት ጋሪ ሲመጣ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፤ ከንቲባው ሲያስነጥሰው "መስኮቱን ዝጋ አላልኩህም?" ትለዋለች። እናንተም ሰፈር አለች። የለችም ካላችሁ እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

ለእኛ፣ ለክሬስበርግ የወንዝ ዳር ሰዎች፣ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ግዌን ፕሮሰር ናቸው። ከዌልስ በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው በብረት ማቅለጫው ሲሠሩ ኖረው በሳል የሞቱባቸው፣ ቤታቸውን ለፋብሪካ ሠራተኞች እያከራዩና ቀለባቸውን እያበሰሉ የሚኖሩ መበለት ናቸው። ቁመታቸው ከበር እጀታ ብዙም አይበልጥም። ድምፃቸው ግን ከፋብሪካው ጥሩንባ ጋር ሲፎካከር ብዙ ጊዜ ያሸንፋል።

ጠባቸው ከጭሱ ጋር ነው። ከእኛ መንገድ ማዶ ያሉት የፋብሪካው ጭስ ማውጫዎች ቀን ከሌት ይተፋሉ። ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ስለሆነ ሰኞ ሰኞ መንገዱ ሁሉ በተሰጣ ነጭ አንሶላ ይሞላል፤ አንሶላው ሳይደርቅ አመድ ይመስላል። የሌላው ቤት ሴቶች "ምን ይደረግ፣ ጭሱ እንጀራችን ነው" ብለው እንደገና ያጥባሉ። ወይዘሮ ፕሮሰር ግን ነጭ መሐረብ አላቸው።

የዚህ መሐረብ ነገር ጉድ ነው። የትም ይግቡ የት፣ ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ይጠርጋሉ። የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ይጠርጋሉ፣ የባንኩን መስኮት ይጠርጋሉ፣ አንድ ጊዜ የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ፈረስ ጠርገዋል። ከዚያ የጠቆረውን መሐረብ አጠገባቸው ካለው ሰው አፍንጫ ሥር ይደቅኑና "ይህን ምን ትለዋለህ?" ይላሉ። በፋብሪካው ሠራተኛ በኦንድሬ ኮቫሊክ ሠርግ ላይ ሙሽሪት በደስታ ስታለቅስ ቀረብ ብለው እንባዋን ጠረጉላትና ለእንግዳው ሁሉ እያሳዩ "እንባው እንኳ ጠቁሯል! ይህን ምን ትሉታላችሁ?" አሉ። ሙሽሪት ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው በደስታ አልነበረም።

የሚፈልጉት ሕግ ነው። ፋብሪካው በየጭስ ማውጫው ላይ ጭሱን መልሶ የሚያቃጥል መሣሪያ እንዲያስገባ የሚያስገድድ ሕግ። ሴት ድምፅ ስለማትሰጥ የወንድ ፊርማ መልቀም ነበረባቸው፤ እናም ስንት ዓመት ሙሉ የፊርማ ወረቀታቸውን በደረታቸው ይዘው ከበር በር ዞሩ። የእኔን በር በየወሩ ያንኳኳሉ። የጋዜጣ ሰው ነኝና ሁሌም አንድ መልስ አለኝ።

"ወይዘሮ ፕሮሰር፣ ጋዜጠኛ ገለልተኛ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። የፈሪ ሌላ ስሙ ነው" ብለውኝ ይሄዳሉ።

ዋናው ባላንጣቸው ዴኒስ ማክጋርቬ ነው። ማክጋርቬ የመሸታ ቤት ባለቤትና የሰፈራችን የምክር ቤት አባል ነው፤ ቅዳሜ የፋብሪካው ደመወዝ ሲከፈል ግማሹ ወደ እሱ ይፈሳል። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ማክጋርቬም በምክር ቤቱ ለፋብሪካው ይጮኻል። ወይዘሮ ፕሮሰር አልኮል በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሲሆኑ መሸታ ቤቱን ግን በየሳምንቱ ይጎበኛሉ። ገብተው ባንኮኒውን ይጠርጋሉ።

"ኧረ እመቤቴ በፈጣሪ! ጭሱ ከቆመ እኮ የእኔም በርሜል ይቆማል!" ይላል ማክጋርቬ።

"በርሜልህ የቆመ ዕለት ሚስትህ ሻማ ታበራለች፣ ዴኒስ።"

ጠጪው በሳቅ ይፈርሳል። ማክጋርቬም ጢሙን እያሻሸ አብሮ ይስቃል፤ ሲወጡም በሩን ይከፍትላቸዋል።

ውሃ ሲንጠባጠብ ድንጋይ ይበሳል፤ ባለፈው መኸር የምክር ቤቱ አባላት አንድ በአንድ ለዘቡ። አንዱ የልጁ ሳል አልለቅ ብሎት ነው፤ ሌላው መሐረቡን መሸሽ ሰልችቶት ነው። ሕጉ ከኅዳሩ የምስጋና በዓል በፊት ባለው ሐሙስ ድምፅ ሊሰጥበት ተቀጠረ፤ እንደሚያልፍም ማክጋርቬ ራሱ አመነ። ወይዘሮ ፕሮሰር ለዕለቱ አዲስ ባርኔጣ ገዙ። የባርኔጣው ቀለም ነጭ ነበር፤ በክሬስበርግ ነጭ ባርኔጣ መግዛት ማለት ጦርነት አሸንፌያለሁ ብሎ ማወጅ ነው።

ሐሙሱ ሳይደርስ የኒውዮርክ ባንኮች ተንኮታኮቱ። ብረት ያዘዙት ሁሉ ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ ፋብሪካው ምድጃዎቹን አጠፋ፤ ሠራተኛውንም በትኖ ወደ ቤት ሰደደ።

ሰማዩ ጠራ። እንዴት ያለ ጥራት! ሃያ ዓመት እዚህ የኖሩ ሰዎች ከወንዙ ማዶ ኮረብታ ላይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያን ሳምንት አወቁ። ሰኞ የተሰጣው ልብስ ነጭ ሆኖ ተሰጥቶ ነጭ ሆኖ ገባ። አንድም ሰው ደስ አላለውም።

ሐሙስ ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ፕሮሰር በነጩ ባርኔጣቸው ከተመልካቹ ሰገነት የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማክጋርቬ ተነሣና ደረቱን ነፋ። "ክቡር ሰብሳቢ፣ እስቲ በመስኮት ይዩ። የትኛውን ጭስ ነው የምንከለክለው? ይህ እኮ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው!" አዳራሹ ሳቀ፤ ሕጉም ሳይነበብ ተጣለ። ወይዘሮ ፕሮሰር ለመናገር ብድግ አሉ። እንደ ልማዳቸው መሐረባቸውን አውጥተው የሰገነቱን መደገፊያ ከዳር እስከ ዳር ጠረጉ። ወደ ላይ ሲያነሡት ነጭ ነበር። ትንሽ አዩት፤ አጣጥፈው ከቦርሳቸው ከተቱትና ቁጭ አሉ።

በማግስቱ ከውሃ ቧንቧው ዘንድ የኦንድሬ ሚስት፣ ያቺው የያኔዋ ሙሽራ፣ ባልዲዋን ጣል አድርጋ መንገዳቸው ላይ ቆመች።

"እንግዲህ ደስ ይበልዎት! ጭሱ ጠፋልዎት፤ ባሌም አብሮ ቤት ዋለልዎት! ስንት ዓመት የረገሙት እርግማን ሠራ!"

መንገዱ ሁሉ መልሳቸውን ጠበቀ። ወይዘሮ ፕሮሰር ውሃቸውን ይዘው ገቡ።

ያን የብርድ ወራት ሥራ ለፈቱት ተከራዮቻቸው የጎመን ሾርባ እያበሰሉ ከቤት ዋሉ። የወተት ጋሪው ሳይሸተት ያልፍ ጀመር። መሸታ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ማክጋርቬ ማንም ያልጠጣበትን ብርጭቆ እያጸዳ "እንዲያው አንድ ቀን ገብታ ብትሰድበኝ ምን አለበት?" አለኝ። "እኔ እኮ ለማሳቅ ነው የተናገርኩት። ኧረ አንድ ሰው ሄዶ ያናድዳት፤ ሰፈሩ መቃብር መሰለ እኮ!"

በጥር ወር ወንድማቸው ወዳለበት ወደ ኦሃዮ እርሻ ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑን ሰማሁ። ቤታቸው ስሄድ ሳጥናቸውን ከቆጡ አውርደው ልብስ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸው።

"እውነት ነው እንዴ፣ ወይዘሮ ፕሮሰር?"

"እዚያ የሚጠረግ ነገር የለም ይላሉ።" ከሳጥኑ ቀና አላሉም። "እኔ የለመንኩት ጭሱ እንዲጠፋ ነው። እሳቱ ይጥፋ ብዬ ለምኜ አላውቅም። ይህን ለማን ልንገር?"

እኔ እንግዲህ ገለልተኛ ሰው ነኝ። የሰው ጉዳይ ውስጥ አልገባም፤ በዚህም እኮራለሁ። ይሁንና በማግስቱ ጠዋት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የምድጃዬን በር ከፈትኩና አንድ እፍኝ ጥላሸት ዝቄ የመስኮቴን ደፍ በውጭ በኩል ለቀለቅኩት። ከዚያ እጄን ታጥቤ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

"ወይዘሮ ፕሮሰር፣ እስቲ መጥተው ይህን ይዩልኝ።"

ቀሰስ ባለ እርምጃ፣ ሻርፓቸውን ተከናንበው መጡ። ደፉን አዩት። እጃቸው በራሱ ጊዜ መሐረቡን አወጣ። ጠረጉ፣ አዩ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ።

"ይሄ የፋብሪካ አይደለም" አሉ።

"እንዴት አይሆንም?"

"የፋብሪካው ድኝ ድኝ ይላል። ይሄ የምድጃ ነው።" ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ እንጃ ተመለሰ። "አንተ! የምድጃህን ጭስ ማውጫ መቼ ነው ያስጠረግኸው? ታፍነህ ልትሞት ነው እንዴ? አስገባኝ!"

እስከ ምሳ ሰዓት አልወጡም። ምድጃዬን ፈታትተው ጠረጉ፤ መጋረጃዬን አወረዱ፤ የአልጋ ልብሴን አይተው እናቴ እንዴት እንዳሳደገችኝ ጠየቁ። ከእኔ ወጥተው ወደ ጎረቤቴ ገቡ፤ ሲመሽ ማክጋርቬን ባንኮኒው በመሐረብ ተጠርጎበት፣ ከእነ ዘር ማንዘሩ ተሰድቦ፣ ፊቱ እንደ ፋሲካ በርቶ አገኘሁት። ሳጥኑ ወደ ቆጡ ተመለሰ። እሳቸውም ስለ ጥላሸቱ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ከአንደኛው ጭስ ማውጫ ቀጭን ጥቁር መስመር ወጣ። መንገዱ በሰው ተሞላ። ወንዶች ባርኔጣቸውን ወረወሩ፤ የኦንድሬ ሚስት እየሮጠች መጥታ ወይዘሮ ፕሮሰርን አንገታቸውን አቅፋ አለቀሰች። "እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ርሃብ ነው ያናገረኝ" አለቻቸው። እሳቸውም እንባዋን ጠረጉላት፤ ለማንም ግን አላሳዩም።

ከዚያ ቀጥታ ወደ መስኮቴ መጡና ደፉን ጠርገው አሸተቱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ድኝ" አሉ። "ተመስገን! አሁን እንጣላለን።"

ቦርሳቸውን ሲከፍቱ ሌላ መሐረብ አየሁ። ተጣጥፏል፣ መሐሉ ጠቁሯል። የጥሩንባውን ድምፅ እንኳ ቢችሉ አጥበው የሚያሰጡት ሴት ያን የእኔን ደፍ የጠረጉበትን የጥር መሐረብ አላጠቡትም። ማየቴን አዩ።

"ምን ታፈጣለህ? የራሴ መሐረብ ነው" አሉና ከሥሩ አዲስ የፊርማ ወረቀት አወጡ። "አንተ አሁንም ገለልተኛ ነህ?"

ብዕሬን አምጥቼ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ፈረምኩ። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡት፤ ከስሜ አጠገብ የምድጃ ጥላሸት የነካው የአውራ ጣቴ ጥቁር አሻራ ነበር።

"እጅህን ሳትታጠብ!" አሉኝ።