የለማኞች ምሽትን ለማዘመን የወጣ መመሪያ

የሰፈራችን ልጆች ስልሳና ሰባ ዓመት ሙሉ ያለ ምንም መመሪያ ከረሜላ ሲለምኑ ኖረዋል። አይ ጉድ፣ ያለ ምንም መመሪያ! በየዓመቱ፣ ልጆች የጭራቅና የጠንቋይ ልብስ ለብሰው በየቤቱ በሚዞሩበት በሃሎዊን በዓል ዋዜማ፣ የለማኞች ምሽት በምንለው ቀን፣ ልጁ የፈለገውን ለብሶ ይወጣል፤ መብራት የበራበትን በረንዳ መርጦ ያንኳኳል፤ አንድ ቀልድ ይናገራል። ባለቤቱ ይስቃል፣ ወይም የሳቀ ይመስላል፣ ከረሜላ ይሰጣል። በሌላው የአሜሪካ ከተማ ልጆቹ ያስፈራራሉ አሉ፤ እዚህ ዴሞይን ከተማ ያላሳቀ ከረሜላ አይቀምስም። ይህ ኋላቀር አሠራር አንድም ቀን ሳይበላሽ መሥራቱ ለሰፈሩ ትልቅ ሀፍረት ነበር።

እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ሳለን ነው አቶ ብራይስ ቶሊቨር የሰፈሩ ማኅበር ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት። ሥራቸው ቤት መሸጥ ነው፤ ፈገግታቸው በየአውቶቡስ ማቆሚያው ተለጥፏል። እኔ ደግሞ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ።

«ከመቼውም ጊዜ በላይ» አሉ በመጀመሪያው ስብሰባ፣ «ከረሜላን ከቴክኖሎጂ ጋር በማስተሳሰር ባለድርሻ አካላትን በተቀናጀ መልኩ ተጠቃሚ ማድረግ ይጠበቅብናል።»

አጨበጨብን። ምን እንዳሉ የገባው ሰው ስላልነበረ የተቃወመም አልነበረም።

በኋላ ሲብራራ ነገሩ እንዲህ ነው። «በረንዳዬ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። ልጁ ቀልዱን አስቀድሞ ይልካል፤ መተግበሪያው መርምሮ ያጸድቃል። በምሽቱ ልጁ በር ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልክ ያነሳል፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ማስታወቂያ ያያል፣ ከዚያ በሩ እንዲከፈት ይፈቀዳል። ወጪውን የሚሸፍነው አንድ የጥርስ ሕክምና ድርጅት ነው። ከረሜላ በእጁ ለያዘ ልጅ የጥርስ ሐኪም ማስተዋወቅ! ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ። ድርጅቱ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ስልሳ ሁለቱም ቤቶች ይመዝገቡ። አንድ ከጎደለ ለማንም አይከፈትም፤ በምሽቱ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ካልሞላ ውሉ ፈረሰ፣ አቶ ብራይስም አለቀላቸው። ከውሉ የሚያገኙትን ኮሚሽን ተማምነው ለአዲስ መኪና ቀብድ ከፍለው ነበርና።

መመሪያውን የማርቀቅ ከባድ አደራ በእኔ ላይ ወደቀ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሃያ ሁለት አንቀጽ ወጣው። ራሴን ማሞገስ አልወድም፣ ግን የሚነካ አልነበረም።

የመጀመሪያው ተግዳሮት የገጠመኝ ከገዛ ቤቴ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዊላ ስልኩን ይዛ መጣች፤ ፊቷ ቀልቷል።

«አባዬ፣ ቀልዴን ጣለብኝ!»

«እስቲ ንገሪኝ።»

«ጭራቁ የጥርስ ሐኪሙን ለምን በላው?»

«ለምን?»

«ሰውየው ራሱ ‹አፍህን በደንብ ክፈት› ስላለው!»

ልስቅ ነበር፣ ሥልጣኔ ከለከለኝ። «ስፖንሰሩን ያስቀይማል፣ የኔ ልጅ። መተግበሪያው ምን ተካልሽ?»

«‹ጭራቁ የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ለምን ሄደ? በየስድስት ወሩ መታየት ስለሚገባ።›» ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። «ይሄ ምኑ ያስቃል?»

«የሚያስቅ ሳይሆን የጸደቀ ነው» አልኳት።

ምሽቱ ደረሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልሳ አንድ ቤት ተመዝግቧል። የቀሩት ወይዘሮ አርሊን ዳይክሃውስ ብቻ ናቸው፤ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ሰፈሩ በሙሉ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሟል። ብርድ ስለሆነ ጠንቋዩም ልዕልቷም ከላይ ካፖርት ደርበዋል፤ የኔዋ የበቆሎ ቅርጽ ያለው ልብስ ለብሳ ከአንገቷ በላይ ብቻ ትታያለች። በሁሉም ስልክ ላይ «61 ከ62፤ እባክዎ ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። አንድ ጎረቤታችን ከመስታወቱ ጀርባ የከረሜላ ሳህን ታቅፎ ለገዛ ልጆቹ እጁን ያውለበልብላቸዋል፤ በሩን ግን ንክች አላደረገም። ሕግ አክባሪ ሰው ነው።

አሥራ ሁለት ከሃያ ሲሆን አቶ ብራይስ እኔን አስከትለው ወደ ወይዘሮ አርሊን በረንዳ ወጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ልጆቹም ግር ብለው ተከተሉን።

«ወይዘሮ አርሊን፣ ጣትዎን እዚህች ላይ ብቻ ያሳርፉልኝ። ‹እስማማለሁ› የምትለዋ ላይ።»

«ቀልድህስ?»

«አቤት?»

«የለማኞች ምሽት ነው፣ አንተም ልትለምን መጥተሃል። ቀልድህን ወዲህ በላ!»

«እኔ እኮ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነኝ።»

«እሱንማ ሰምቼዋለሁ፤ አላሳቀኝም።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። አቶ ብራይስ ሰዓታቸውን አዩና ከእጄ ላይ መመሪያውን መንጨቅ አደረጉ።

«መንፈሱን ቢረዱት እኮ አይቃወሙም ነበር። ላንብብልዎት። ‹አንቀጽ አንድ። ለማኝ ማለት ዕድሜው ከአሥራ ሁለት ዓመት ያልበለጠ፣ ከረሜላ ጠያቂ ባለድርሻ አካል ነው።›»

የወይዘሮ አርሊን ከንፈር ተንቀጠቀጠ።

«‹አንቀጽ አራት። ቀልድ ማለት አስቀድሞ የታወቀ፣ ማንንም የማያስደንቅ፣ ሳቅን በተመጠነ ሁኔታ ለማስገኘት ታስቦ የሚቀርብ ንግግር ነው።›»

«ወይኔ!» አሉ የበሩን መቃን ይዘው።

«‹አንቀጽ አምስት። ሳይስቅ የቀረ የቤት ባለቤት ያልሳቀበትን ምክንያት በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ያስረዳል።›»

«ኧረ ጎኔን! ኧረ በቃህ! አይ፣ ቀጥል፣ ቀጥል! ሌላም አለው?»

«ሃያ ሁለት አንቀጽ ነው» አሉ አቶ ብራይስ በቀጭን ድምፅ።

ይህን ሲሉ ሴትዮዋ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ወላጆችም ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ይስቁ ጀመር። ወይዘሮ አርሊን እንባቸውን ጠርገው ከሳህኑ ትልቁን ቸኮሌት መርጠው ሰጧቸው።

«ውሰድ፤ ላብህ ነው። በአውቶቡሴ ስትመላለስ እንዲህ ቀልደኛ አልነበርክም።»

«ጣትዎስ?»

«ጣቴ ሥራ ላይ ነው። ቀጣይ!»

ቀጣይዋ ዊላ ነበረች። የጭራቁን ቀልድ ያለ ፈቃድ ተናገረች። «ጎበዝ» አሏት ቸኮሌት እየሰጧት፣ «የሱን ያህል ግን አይሆንም።»

ከዚያ በኋላ ሥርዓት የሚባል ነገር ጠፋ። ልጆቹ ወደየበሩ ተበታትነው በጡጫቸው ያንኳኳሉ፤ ሕግ አክባሪው ጎረቤታችን ሳይቀር ከፈተ። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ውሉ ፈረሰ። የአቶ ብራይስ መኪናም እዚያው መሸጫው ቆሞ ቀረ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ስጽፈው ቀልድ ብዬ አልጻፍኩትም፤ ሰው ከሳቀ ግን ሳቁ የእኔ ድካም ውጤት ነው። ቸኮሌቱን ኪሳቸው ከተው የሄዱት አቶ ብራይስ ናቸው! ስለዚህ በማግስቱ «ከላይ በተጠቀሰው ርዕሰ ጉዳይ የተገኘው ቸኮሌት ለሕጋዊ ባለመብቱ ይመለስ ዘንድ» የሚል የአራት ገጽ ማመልከቻ ከነአባሪው አዘጋጀሁ። ከማስገባቴ በፊት ለዊላ አነበብኩላት። ከረሜላዋን እያኘከች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«አባዬ» አለችኝ፣ «ለማኅበሩ ምን አደከመህ? ሄደህ ለወይዘሮ አርሊን አንብብላቸው። ሁለት ይሰጡሃል።»