«ወርሰው» የምትል ቃል

«ወረሰ» የምትለዋን ቃል እንውሰድ። አባቱ ሞቶ ቤት የደረሰው ልጅም ወረሰ ይባላል፤ ባለቤቱ በቁሙ እያየ ቤቱን የወሰደው መንግሥትም ወረሰ ይባላል። በደርግ ጊዜ ይህች ቃል ከሁላችንም በላይ ሥራ በዝቶባት ነበር።

ያኔ እኔ አዋሳ ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ከንቲባችን ጋሽ በቀለ የዘይት ፋብሪካ ነበራቸው፤ ተወረሰባቸው። ታዲያ ከተወረሰ በኋላ ማሽኑን የሚያስነሳ ሰው ጠፋ። ተለምነው መጡና አስነሱት፤ ማሽን ርዕዮተ ዓለም አይገባውም፣ ምን ይደረግ? ቀጥሎ የማዘጋጃ ቤቱ ጄኔሬተር ቆመ፤ እሱንም አስነሱ። በመጨረሻ ከተማዋን ራሷን ሰጧቸው።

ለብሔራዊ ሸንጎ ሲወዳደሩ ሐሳባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄደው ለምሥራቅ ሰፈር የውሃ ቦኖ ማስፈቀድ። ሐይቅ አጠገብ እየኖሩ እናቶች ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ቀን የሚሰለፉበት ከተማ ሌላ የት አለ? ጋሽ በቀለ የሚፈሩት «የቀድሞ ከበርቴ» መባልን ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን ሲያስጽፉኝ እውነቱን ጻፍ፣ ግን አታስረዝመው አሉኝ። አላስረዘምኩም። «ፋብሪካውን ከአባታቸው ወርሰው ለሰፊው ሕዝብ አስረከቡ» ብዬ መታሁ። «ተወረሰባቸው» ከሚባል «አስረከቡ» ሲባል ያምራል።

በምርጫው ስብሰባ ካድሬው ይህን ሲያነብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለካ ሕዝቡ የተረዳው በዘመኑ አማርኛ ነው፤ የገዛ አባቱን የወረሰ አብዮተኛ ተገኘ። ካድሬው ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን የጋሽ በቀለን አባት ልጅዎ እውነት ወርሶዎታል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው «አልወረሰኝም» ካሉ አለቀልን። በአንዲት ቃል ሰውየውንም ቦኖውንም ላስቀር ነው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አዎ፣ ወርሶኛል» አሉ። «ደከመኝ፣ ውረሰኝ ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ።»

ከዚህ በኋላ ሌላ ተወዳዳሪ ማን ያዳምጣል? ጋሽ በቀለ ተመረጡ። ሸንጎው ውስጥ ሌላው ስለ ዓለም ሰላም ሲናገር እሳቸው ስለ ቧንቧ ተናገሩ አሉ። እንዳሉትም ቧንቧው መጣ።

ቦኖው ሲከፈት ቧንቧውን መጀመሪያ አሳለው፤ ቀጥሎ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደ። አላፍርም፣ አለቀስኩ። ጋሽ በቀለም ደስታው አሸንፏቸው፣ ይህ ቦኖ ለልጅ ልጆቻችሁ የሚወረስ ነው ብለው ተናገሩ።

ከሰልፉ ፊት የቆሙት አሮጊት ደነገጡና ወደ ኋላ ዞሩ።

«በሉ እናንተ ሴቶች» አሉ፣ «ሳይወረስ ቶሎ ቶሎ ቅዱ።»