የዳይሬክተሩ ልደትና የሂልከ ቁስል

ቀን፦ ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት
ቦታ፦ ፍሪስላንድ፣ ከቦዩ ዳር ያለው ሆስፒታል፣ መሰብሰቢያ ክፍል
የተገኙ የኢንፌክሽን መከላከያ ኮሚቴ አባላት፦ ዳይሬክተሩ አቶ ሲብራንድ (ሰብሳቢ)፣ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ዊልኮ፣ ሲስተር ፍሮውከ፣ የሕመምተኛ ቤተሰብ ተወካይ እኔ ሐርም።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል፤ ማስተዋል ግን ፈቃድ ላይ ነበር። ጸሐፊነቱን ሁሉም ስለሸሹት ለእኔ ሰጡኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የሰማሁትን ግን አልስትም። የመዝገብ ቤቱ ሰው ከአፌ እየተቀበለ ይጽፋል።

አጀንዳ 1፦ የባለቤቴ የሂልከ ዳሌ እዚሁ ተቀዶ፣ እዚሁ ማመርቀዙን ይመለከታል። ሲስተር ፍሮውከ ጀርሙ በሠራተኛው እጅ እንደሚዞር አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ በሆስፒታሉ ውስጥ መጨባበጥ እንዲቀር፣ እጁን ያልታጠበ ሠራተኛም ሕመምተኛ እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ። ዕለቱ የሰብሳቢው ልደት ስለነበር ክሬም ኬክ ገባ። አባላቱም እንደ አገሩ ደንብ ሰብሳቢውን ጨብጠው፣ እርስ በርስም እየዞሩ ተጨባብጠው እንኳን ደስ አለህ ተባባሉ። ውሳኔው ገና ከአፋቸው አልደረቀም። እኔ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ዶክተር ዊልኮ "አባባ፣ በሰው ልደት እጅ መከልከል ነውር ነው" አሉ። ጸሐፊው፣ ማለትም እኔ፣ ነውሩ ያለው የሚስቱ ዳሌ ላይ መሆኑን ገለጸ። ሰብሳቢው ነገሩን ለማብረድ፣ ውሳኔው የሠራተኛ ልደት በሚውልበት ቀን እንዳይሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጸደቀ።

ሲስተር ፍሮውከ "ጌታዬ፣ እዚህ ቤት ልደት የሌለበት ቀን አለ እንዴ?" ሲሉ ጠየቁ። የሁሉም ልደት የተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ በዚህ አገር እንደማንም ቤት፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስለተሰቀለ፣ ሰብሳቢው ሊያጣሩ ሄዱ። ተመልሰውም አንድም ባዶ ቀን አለመገኘቱን አበሰሩ። የውሃ ድምፅ አልሰማንም። ቀጥለው ኬኩን በእጃቸው አደሉን።

ውሳኔ፦ አጀንዳ 1 የሚሠራበት ቀን ስላልተገኘለት ከነጭራሹ ተሽሯል። ስብሰባው 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ።

ዶክተር ዊልኮ ክሬሙን ከጣታቸው እየላሱ የሂልከን ፋሻ ሊፈቱ ሄዱ። ቀድሜ በሯ ላይ ቆምኩ።

"ታጥበው ይግቡ" አልኳቸው።

"ውሳኔው እኮ ተሽሯል፣ አባባ።"

"እኔ አልተሻርኩም" ብዬ በምርኩዜ መታጠቢያውን አሳየኋቸው።

ታጠቡ።