ማንዶሊን ተጫዋች ሽማግሌ ሲልክ

እኔ የምለው፣ ሰው ማንዶሊን ሲያይ ለምንድን ነው የሚያዝንልኝ? ከሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ሁሌ አንዱ አይጠፋም። መያዣዋን አየት ያደርግና «ወንድሜ፣ ይቺ ጊታር መቼ ነው የምታድገው?» ይለኛል። ታክሲው በሳቅ ይሞላል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ደግሞ ክራር መስላቸው «ጎሽ ልጄ፣ ባህላችንን ያዝ» ብለው ይመርቁኛል። ማንዶሊን ናት ብዬ ላስረዳ? የምጫወትባትም ጃዝ ነው ልበል? ኧረ ባካችሁ! ምርቃቴን ይዤ እወርዳለሁ።

ሦስት ነን። እኔ ማንዶሊን፣ ብንያም ጊታር፣ ካሳ ከሰው የሚረዝመውን፣ ድምፁ ወፍራም ባለ ክር ኮንትራባስ። ድምፅ ማጉያ የለን፣ ከበሮ የለን፣ ዘፋኝ የለን። ዘፋኝ የለንም ስትሉት የዚህ ከተማ ሰው «ታዲያ ማን ሊጫወት ነው?» ብሎ ያፈጥባችኋል። የምንለማመደው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ነው። ኮንትራባሱ እስኪገባ ድረስ ከሦስታችን አንዱ ደጅ ይቆማል።

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ የጃዝ ምሽት አለው፤ እዚያ እንጫወታለን። የጃዝ ምሽት ታዳሚ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዐይኑን ይጨፍናል። ራሱን ይነቀንቃል፣ ከምቱ ጋር ግን አይደለም። በአንዲት ማኪያቶ ያመሻል። አንዱማ ሶሎዬን መሃል አድርሼው ስልኩን ደግኖ ራሱን እየቀረጸ «ትንሽ ቀንስልኝ፣ ድምፄ አልሰማ አለ» አለኝ። ማጉያ የሌላትን ማንዶሊን! ሜሮንን ያገኘኋት እዚያው ነው። «ጃዝ ሕይወቴ ነው» አለችኝ። እሷም ዐይኗን ትጨፍን ነበር፤ ግን እሷ ስትጨፍን ታምራለች። ምን ላድርግ? ወደድኳት፣ ወደደችኝ፣ ልንጋባ ተስማማን። አባቷ አቶ ተሾመ ግን ሽማግሌ ይላክ አሉ።

ጭንቁ እዚህ ላይ መጣ። «ልጁ ምን ይሠራል?» መባሉ አይቀርማ! አቶ ተሾመ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ፣ የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እንዲህ ላለ አባት «ማንዶሊን» ተብሎ ይመለሳል? እምቢ ካሉ ደግሞ ሜሮን ከአባቷ ቃል አትወጣም። ቁርጡን ነግራኛለች።

አባቴ በሕይወት ስለሌለ የአባቴን ጓደኛ ጋሽ ፈይሳን ለመንኩ። ጋሽ ፈይሳ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎረቤት ባልና ሚስት ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ እሳቸው ጫማቸውን መፈለግ ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ ሥራውን ከጠየቁዎት የግል ሥራ ነው ይበሏቸው» አልኳቸው። አገሩ ሁሉ የግል ሥራ አይደል የሚሠራው? እሳቸው ግን «ያላየሁትን አልመሰክርም» ብለው ልምምዳችንን ሊያዩ መጡ። ወይ ጣጣ!

አልጋዬ ላይ አስቀመጥናቸውና ጀመርን። ዜማውን ሦስታችንም አብረን ስንጫወት ደስ አላቸው፤ በእግራቸውም መታ መታ አደረጉ። ከዚያ መቼም ጃዝ አይደል፣ ዜማውን ትተን እኔና ብንያም ከየራሳችን እያፈለቅን መመላለስ ያዝን። እኔ አንድ ነገር ስል እሱ ይመልስልኛል። እሱ ከፍ ሲያደርግ እኔ ላዩ ላይ እንጫጫበታለሁ። ካሳ ከታች ያጉረመርማል። ቀና ስል ጋሽ ፈይሳ እጃቸውን ዘርግተው መሃላችን ቆመዋል።

«ተው ልጆች! በሞቴ ተው! አንዱ ሲናገር አንዱ ያዳምጥ እንጂ!»

ብንያምን ታላቅ ነህና ቻለው አሉት። ካሳን ደግሞ እዚያ ቆመህ ከምታጉረመርም ለምን አትገላግላቸውም ብለው ተቆጡት። ጠብ አይደለም ጋሼ፣ ጨዋታው ነው ብለን ማልንላቸው። እስቲ ጨርሱትና ልየው ብለው ተቀመጡ፤ ፊታቸው ግን አላመነንም። ተመላልሰን ተመላልሰን ወደ ዜማው ገባንና ሦስታችንም እኩል አቆምን። ጋሽ ፈይሳ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። አለቀልኝ አልኩ።

እሑድ ዕለት ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው አቶ ተሾመ ቤት ሄዱ። እኔ ታች የሕንፃው በር ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ላይ ቤት የሆነውን የነገረችኝ ሜሮን ናት፤ ጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም፣ ለቁም ነገር ነው የመጣነው አሉ። እሺ ይቀመጡ ተባሉ። አቶ ተሾመም እንደፈራሁት ልጁ ምን ይሠራል አሉ። አንደኛው ሽማግሌ «የግል...» ብለው ሳይጨርሱ ጋሽ ፈይሳ ቀበል አደረጉና «ይጣላል» አሉ።

ማንም ሳይቀድማቸውም ቀጠሉ።

«ከጓደኞቹ ጋር በክር ይጣላል። ሥራው ይሄ ነው፤ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያልተባባሉት ነገር የለም። ግን ማንም አኩርፎ አይወጣ፣ ማንም እጁን አያነሳ፤ መጨረሻ ላይ ራሳቸው ይታረቁና እኩል ያቆማሉ። አቶ ተሾመ፣ እኔ ስንት ትዳር ያስታረቅሁ ሰው ነኝ። ያለ ሽማግሌ ያለቀ ጠብ ያየሁት እዚያ ቤት ብቻ ነው። ልጅቷን ይስጡት!»

አቶ ተሾመ በረጅሙ ተንፍሰው «ኮሚቴያችን ውስጥ እንደዚህ ያለ አንድ ሰው ባገኝ!» አሉ። ፈቀዱ! እንዲያውም ሰርጉ ላይ እነዚሁ ልጆች ይጫወቱልን፣ ይሄን ነገር በዐይኔ ልየው ብለዋል። ደረጃውን ወደ ላይ እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

በማግስቱ ከሜሮን ጋር ቁጭ ብለን፣ ለሰርጋችን የትኞቹን ዜማዎች እንጫወት አልኳት። እኔም ብሆን ሙሽራ ነኝ ብዬ አልቀርም፣ አንዷን እንኳ አብሬያቸው እመታለሁ አልኩ። እጄን ያዝ አደረገችኝ። በፍቅር ነበር የምታየኝ።

«የኔ ውድ፣ ዲጄ ተይዟል እኮ» አለችኝ።

እንዴ! ጃዝስ አልኳት። ጃዝማ ሕይወቴ ነው አለች፤ ሰርግ ላይ ግን ሰው ሊደሰት ነው የሚመጣው። ቀኔን እንዳታበላሽብኝ ብላም ጨመረች።

ሮጬ ጋሽ ፈይሳ ዘንድ ሄድኩ። አባትየውን እሺ አሰኝተውልኛል፤ በሞቴ አሁን ደግሞ ልጅቷን ያናግሩልኝ አልኳቸው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ጫማቸውን አልፈለጉም።

«አይ ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ የምር ጠብ ነው፤ እኔ የለሁበትም።»