የእማዬ ምርቃት በትንሿ ካሴት

የዘንድሮ ቴሌቪዥን ራቁቱን መሆኑን ልብ ብላችኋል? ድሮ ቴሌቪዥን ደረትም ጀርባም ነበረው። ዳንቴል ሠርተን እናለብሰው ነበር፤ ከላዩ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ። አሁን እንደ ቂጣ ሳስቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እዚሁ አሜሪካ፣ ፓሳዴና ለምትኖረው ልጄ አንድ ዳንቴል ሠርቼ ብወስድላት የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ዞረች ዞረችና የሶፋው ክንድ ላይ ጣለችው። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን ግን በደንብ አሳየኋት።

ይህን ማንሳቴ በወንድሜ በግርማ ምክንያት ነው። ታናሼ ነው፤ በኩር እህቱ ነኝና እስከ ዛሬ አንቱ ይለኛል። ከሁላችንም ቀድሞ ሎስ አንጀለስ ገብቶ አንድ የፊልም ድርጅት በር ላይ ሴኪዩሪቲ ሆኖ ነው ያረጀው። በአማርኛ ዘበኛ ማለት ነው፤ እሱ ፊት ግን እንዲህ እንዳትሉ።

ያ የፊልም ድርጅት አንድ ቀን ተሸጠ። የገዛው ቴሌቪዥንና ካሴት ማጫወቻ የሚሠራ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ትልቅ ኩባንያ ነው። ታዲያ አዲሶቹ ባለቤቶች በመጡ ቀን በር ላይ ሲደርሱ መኪናቸውን አቁመው ወረዱና ለግርማ እስከ ወገባቸው ጎንበስ አሉ። ለዘበኛ! ማለቴ ለሴኪዩሪቲ።

በቃ፣ ግርማን ያን ቀን አብረው ገዙት። «እትዬ፣» አለኝ በስልክ፣ «እዚህ አገር ስገባ ስወጣ ሰው እንደ በሩ ማጠፊያ ነበር የሚያየኝ። እነዚህ ግን እንደኛ አገር ሰው እጅ ነሱኝ።» ከዚያ ወዲያ «ድርጅቱ» ቀረ፤ «ኩባንያችን» ሆነ። ትስቁበታላችሁ? እኔ አልሳቅሁም። ሰው አክብሮት ሲርበው የሰጠውን እጅ አይረሳም።

ግን አልገባኝም ነበር። ድስት ሠሪ ምን አግብቶት ዶሮ ያረባል? ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ማጫወቻ የሚገዛው ፊልም ለማየት ነው፤ ፊልሙ የኛ ከሆነ በኛ ካሴት ብቻ እናወጣዋለን፤ ያኔ ሰው ሁሉ የኛን ማጫወቻ ይገዛል፣ ብሎ አስረዳኝ። «እኛ» ሲል በሩ ላይ ያለችውን ወንበሩንም ጨምሮ ነው።

እኔ ሀሁ የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይህ ግን ትምህርት አያሻውም። ብርሌ ሠሪው ጠጅ ቤት ገዛ። ከዚያ «የኔን ጠጅ በኔ ብርሌ ካልሆነ አላስጠጣም» አለ። ጠጪውስ ምን አደረገ? ጎረቤት ሄዶ በጣሳ ጠጣ! ዓለም ሁሉ ሌሎቹ በሚሠሩት ትልቅ ካሴት ቀጠለ፤ የኩባንያው ትንሿ ካሴት ደግሞ ግርማ ቤት ቀረች። በኋላ ሲዲ መጣ፣ ሰማያዊ ሲዲ መጣ፣ ግርማ ሁሉንም ገዛ። ሳሎኑ የማጫወቻ መቃብር ነው። አሁንማ ፊልሙ በኢንተርኔት ነው አሉ፤ ብርሌውም ጠጁም ቀርቶ ሽታውን በየወሩ ይከራዩታል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጄ አዲስ አበባ ስትዳር ግርማ ካሜራና ማጫወቻ በሰው ላከ። ትእዛዝም አለበት፤ ሰርጉ የሚቀረጸው በኩባንያችን በትንሿ ካሴት ነው። ቪዲዮ አንሺው ካሴቷን መዳፉ ላይ አገላብጦ «እማማ፣ ይህቺ የልጅ መጫወቻ ናት ወይስ ዕቃ?» አለኝ። የወንድሜ ኩባንያ ናት አልኩት። ካሴቷን ካሜራው ውስጥ ከተታት።

የዚያን ቀን እናቴ መረቀች። የናቴን ምርቃት ያልሰማ ምርቃት ሰማሁ አይበል። የወሎ ሴት ናት። እሷ ስትመርቅ ደጅ የቆመ ሹፌር እንኳ ኮፍያውን አውልቆ አሜን ይል ነበር። እሷ ባለችበት ቤት ማንም ሌላ አይመርቅም፤ እኔማ ጭራሽ።

ቪዲዮ አንሺው ካሴቷን አስተካክሎ እስኪያመጣት ድረስ እማዬ ዐረፈች። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል እንዴ? ማጫወቻዋን ዳንቴል አልብሼ አስቀመጥኳት። ሐዘኑ ሳይወጣ ለልጄ ባል ዲቪ ደረሰውና ሄዱ። በኋላ እኔንም አመጡኝ። ሌላው በርበሬ በሻንጣ ሲጭን እኔ ማጫወቻና ካሴት ጫንኩ። እዚህም ዳንቴሏን አልገለጥኩም። እማዬ እዚያ ውስጥ አለች፤ ማወቄ ይበቃኝ ነበር።

አሁን የልጅ ልጄ ሜላት ልታገባ ሆነ። እዚህ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አንቱ የሚባለው ነገር ወላጆቿ ሲመጡ ቦሌ ላይ ቀርቶባታል። መጣችና «እማማ፣ ቅድመ አያቴ እናቴን የመረቀችውን በኔም መልስ ላይ ማሰማት እፈልጋለሁ። ኦኬ?» አለችኝ። እኔ ምን እላለሁ? ዳንቴሏን ገለጥኩ።

ግርማ የራሱን ትንንሽ ማጫወቻዎች ሁሉ ሞከረ። አንዱ ካሴት ይበላል፣ አንዱ አይነሳም። የኔዋ ግን፣ ስንት ዘመን «ዕቃ ለመጠቀም ነው እንጂ ለማልበስ ነው እንዴ?» ተብዬ የተሳቀብኝ፣ ገና ሲሰኳት እንደ ሙሽራ በራች። አዲስ አበባ ሳለች ያለ ትራንስፎርመር የማትነሳ ነበረች፤ እዚህ ግን አገሯ ነው። ግርማ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «የኩባንያችን ዕቃ!» አለ። የዳንቴሌን ስም አላነሳም።

አየን። መጀመሪያ፣ እንደ ወጉ፣ እንግዳው ሁሉ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ሲያኝክ። አንድ ሰው ቅልጥም ሲግጥ እንዲያው ዘመን አለቀ። ከዚያ እማዬ መጣች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ዘረጋች፣ አፏን ከፈተች።

ዘፈን።

የፈረንጅ የፍቅር ዘፈን! ከአንድ ፊልም ላይ የተወሰደ፣ ሴትዮዋ የምትጮህበት። የኛ አገር ቪዲዮ አንሺ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሲናገር ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ይመስለዋል፤ ሙዚቃ ይጭንበታል። የናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ሴትዮዋ ትጮኻለች። እስከ መጨረሻው።

ሜላት አለቀሰች። «ያለችውን ታስታውሻለሽ አይደል? ሶ፣ አንቺ መርቂኝ» አለችኝ።

«እናቴ ባለችበት?»

«እማማ፣ ሞታለች እኮ!»

«ይኸው፣ ቆማ አይደለም እንዴ?» አልኩና ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆምኩ። ነገሩ ኩራት ይመስላል። ኩራት አይደለም። ፈርቼ ነው። ከሷ አፍ በኋላ የኔ አፍ ምን ይላል?

ሜላት ያም ሆነ ይህ የቅድመ አያቴን ፊት እንኳ ሰው ይይልኝ ብላ ቪዲዮውን በስልኳ ገልብጣ ኢንተርኔት ላይ ጫነችው፤ የአገር ቤት ዘመድም እንዲያየው።

የመልሱ ቀን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ አዳራሽ ተሰበሰብን። ብርሃን ተቀነሰ፤ እማዬ ከኢንተርኔቱ ግድግዳው ላይ ወጣች፤ እጇን ዘረጋች።

ጭጭ። ዘፈኑም የለም።

ሜላት ስልኳን ነካካች። ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። ግርማ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና ፊቱ አመድ ሆነ። ዘፈኑ ባለቤት አለው፣ ያለ ፈቃድ አይሰማም ብለው የኢንተርኔት ሰዎች ድምፁን ዘግተውታል። «የማነው ዘፈኑ?» አልኩት። ቀስ ብሎ፣ ወለል ወለሉን እያየ፣ «የኛ ነው እትዬ» አለ። ኩባንያው ፊልሙን ሲገዛ ዘፈኑንም አብሮ ገዝቷል ለካ። ዕድሜውን ሙሉ በራቸውን የጠበቀላቸው ሰው፣ በናቱ ፊት በር ዘጉበት። አሳዘነኝ።

እማዬ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው ይጠብቃሉ። እንግዲህ ሴትዮዋም አልጮኸች፣ ማንም አልተናገረ። እናቴን አፏን ከፍታ ልተዋት?

ተነሳሁ። ከንፈሯን እያየሁ ጀመርኩ።

«የገባችሁበት ይሙላ፣ የወጣችሁበት አይጉደል። አንዳችሁ እሳት ስትሆኑ አንዳችሁ ውሃ ሁኑ። ከክፉ ጎረቤት፣ ከሳቂ ጠላት ይሰውራችሁ።» አሜን አለ ሰው። የማስታውሰው አለቀ፤ የእማዬ ከንፈር ግን አላቆመም። እኔም አላቆምኩም። «ልጃችሁ አያቱን በስም አይጥራ። ደክሟችሁ ስትገቡ መኪና ማቆሚያው ክፍት ሆኖ ይጠብቃችሁ።» አሜን! ይህኛውስ ጣራውን አነሳው። እሷ እጇን ስታጥፍ እኔም አጠፍኩ።

ግርማ እንባውን እየጠረገ መጣ። «ቃል በቃል እትዬ! ቃል በቃል የእማዬ!»

እማዬ መኪና አቁማ አታውቅም።

ሰሞኑን የሜላት የሰርግ ቪዲዮ ደረሰ። ሁላችን ልጄ ቤት ተሰብስበን፣ ራቁቱን ቴሌቪዥን ከበን ተቀመጥን። ይኸው እኔ ተነሳሁ። እጄን ዘረጋሁ። አፌን ከፈትኩ።

ዘፈን።

የፈረንጅ ዘፈን፤ ሌላ ሴትዮ። ሜላት ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ «ቪዲዮ አንሺውን ሙዚቃ አትጫን አላልኩትም እኮ!» አለች። ግርማ ግን ጆሮውን አቁሞ አዳመጠና ዐይኑ በራ።

«እትዬ! ይሄም የኩባንያችን ነው!»

እንግዲያው ደግ፣ አልኩ። ሜላት ልጇን ስትድር ይህንንም ይዘጉታል። ከወዲሁ ምርቃት ብትለማመድ ይሻላታል።