አማቴና «አርጅቷል» የተባለው ራውተር

ፋብሪካዎች እርስ በርስ ይፈራራሉ እንጂ ዋና ጠላታቸውን አያውቁትም። ጠላታቸው ካቻቢቴ የጨበጠ ጡረተኛ ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የእኛ ቤቷ ክብርት አማቴ ናቸው።

አማቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እኛ ዘንድ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሳይከፈት የቀረ ዕቃ የለንም። ካውያው ተከፍቷል፤ የግድግዳ ሰዓቱ ተከፍቷል፤ የባለቤቴ ፀጉር ማድረቂያ ሁለቴ ተከፍቷል። «ቆይ እስቲ፣ ውስጡን እንየው» ካሉ አበቃ። መልሰው ሲገጥሙ ታዲያ አንድ ብሎን ይተርፋል።

«እማማ፣ ይቺስ?»

«ፋብሪካው አብዝቶት ነው።»

ዕቃው ደግሞ ይሠራል! የሚያበግነኝ ይኸው ነው።

ባለፈው ተራው የራውተራችን ሆነ። ኢንተርኔቱ በየሰዓቱ እየተቋረጠ ሲያስመርረን ራውተሩን ለሠራው ኩባንያ ጻፍን። «ሞዴሉ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ አናሻሽለውም፤ አዲስ ግዙ» የሚል መልስ መጣ። መልሱን አማቴ ፊት ጮክ ብዬ ማንበቤ የኔ ጥፋት ነው።

«አርጅቷል አሉት?» አሉ፣ እሳቸው የተሰደቡ ይመስል።

ሦስት ቀን ሲያነቡ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ አወጁ። «አካሉ ጤነኛ ነው። የታመመው ከፋብሪካ የተጫነበት ሶፍትዌር ነው። እሱን አጥፍተን ሌላ እንጭንበታለን። ነፃ ነው፤ የፈለገ ሰው ውስጡን አንብቦ ያሻሽለዋል።»

«ማን ሠራው?» አልኳቸው።

«እንደኔ ያለ ሥራ ፈት» አሉ በኩራት።

ባለቤቴ በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበራት። «እማዬ በሞቴ፣ ዛሬን ተዪው» ብላ ለመነች።

«መሃል ላይ ቢቋረጥብሽስ?»

አምስት ሰዓት ገደማ ከሳሎን «ውይ» የሚል ድምፅ ሰማን። አማቴ «ውይ» ብለው አያውቁም። ሮጠን ስንደርስ ከራውተሩ መብራቶች አንዲቱ ብቻ ትርገበገባለች።

«ገደልሽው!» አለች ባለቤቴ።

«አልሞተም። የሌላ ሞዴል ፋይል ነው የጫንኩበት» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ራውተሩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፤ ጉትቻቸውን አውልቀው በሽቦዋ ከኋላ በቀዳዳ ውስጥ የተደበቀችውን ቁልፍ ተጫኑ፤ በስልካቸው ያወረዱትን ትክክለኛ ፋይል ላኩ። አንዴ እምቢ አለ። ሁለቴ እምቢ አለ። ልቆጣ የገባሁት ሰውዬ ሳላውቀው አጠገባቸው ተንበርክኬ ገመድ ይዣለሁ። «አሁንስ ምን እያደረገ ነው?» እያልኩ እንደ ሕፃን እነዘንዛቸዋለሁ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መብራቶቹ አንድ በአንድ በሩ። ባለቤቴ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ሳይቋረጥባት አወራች። ሥራውንም አገኘች።

በወሩ አማቴ ሌላኛው ልጃቸው ጋ ሊከርሙ ሄዱ። ኢንተርኔቱ አንድም ቀን አልተቋረጠም፤ ቤቱ ግን ጭር አለብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደወልኩ።

«እማማ፣ ራውተሩ አስቸገረን።»

«መብራቱ ምን ዓይነት ነው?»

አረንጓዴው ፊት ለፊቴ ቦግ ብሏል። «ቀይ ነው» አልኩ።

«ልጄ፣ እዚህ ሆኜ በስልኬ አየዋለሁ እኮ። አዲሱ ሶፍትዌር ያሳየኛል። ደህና ነው።»

ጆሮዬ ጋለ።

«ቢሆንም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሳይብስበት ነገ ልምጣ።»