በነፃ የሚሠራን ሰው መቆጣት

በነፃ የሚሠራላችሁን ሰው ተቆጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ልቆጣ ሞክሬ ግን አውቃለሁ። ሙከራው እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ከሚሴ፣ ባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት፣ ስልክ እጠግናለሁ። በረንዳዬ ላይ ባጃጅ ነጂዎች ተሳፋሪ እስኪመጣ ዳማ ይጫወታሉ። ሰሌዳው ካርቶን ነው። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው። አንድ ክረምት ዝናቡ ካርቶኑን እያራሰ ቢያስቸግራቸው፣ የተማርኩት ኮምፒውተር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ ጨዋታውን ስልክ ላይ ሠራሁላቸው። ስሙንም «ቆርኪ» አልኩት። ያሰብኩት ለበረንዳዬ ሰዎች ብቻ ነበር። አንዱ ግን ሰንበቴ ላለ ዘመዱ ላከው፤ የሰንበቴው ጨፋ ሮቢት ላለ አማቹ ላከው፤ ከብት ነጋዴዎችም ይዘውት ቆላ ወረዱ። ጨዋታዬ እኔ ያልሄድኩበት አገር ሁሉ ሄደ።

ዳማ የተጫወተ ሰው ያውቃል፤ ጨዋታው ሁለት ነገር አለው። አንዱ ቆርኪ መግፋት ነው። ሌላው ሰውየውን ማብሸቅ ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያውን ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ተጫዋቾች የሚጻጻፉበት ቦታ አበጀሁ። ጠቡ በዚያው ቀን ጀመረ። «አንተ ቆርኪ ከምትገፋ ጋሪ ብትገፋ ይሻልሃል» ፉከራ ነው ወይስ ስድብ? የሚበላ እያለው ሳይበላ ያለፈ ተጫዋች ተመልሶ ይብላ ወይስ ቆርኪው ይወሰድበት? ከሚሴ «ይብላ» ትላለች። ሰንበቴ «ይወሰድበት» ትላለች። እኔ ደግሞ ሁለቱም ልክ የሚመስሉኝ ሰው ነኝ። ዳኛ ያስፈልግ ነበር።

ዳኞቹ ሳልጠራቸው መጡ። አንዱ አያ ሰይድ ናቸው፤ ባጃጅ ነጂ፣ ከበረንዳዬ ሰዎች በዕድሜ ትልቁ። መጻፍ ስለሚያደክማቸው ፍርዱን በድምፅ ቀድተው ይልካሉ። አንድ ቀን ፍርዳቸው መሀል ተሳፋሪ «ወራጅ!» ሲል አብሮ ተቀዳ። የጨፋ ሮቢቱ ተጫዋች እሱ የተባረረ መስሎት፣ ይቅርታ ጠይቆ ከጨዋታው ወጣ። መልሼ ለማምጣት ስንት ለመንኩት።

ሌላዋ ዘይነባ ናት። ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ጨዋታውን ወደ ኦሮምኛ የመለሰችው እሷ ናት። ስልኳን የስፌት መኪናዋ ላይ አስደግፋ ፉከራን ከስድብ ትለያለች። «ይቺ ፉከራ ናት፣ ትለፍ። ይቺ እናት ነክታለች፣ ትውጣ።» በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ተሳዳቢ እንኳ አያመልጣትም። እኛ ጋ ደግሞ የሚበዛው እንደዚህ ያለው ነው።

ሁለቱም ሳንቲም አይቀበሉም። ጭራሽ ይመርቁኛል። ዘይነባ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል «ኑሬ፣ አላህ ያበርታህ» ብላ ትጽፍልኛለች። እኔም «አሚን» እላለሁ። ሥራዬን የሚያይልኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ይለኛል።

ችግሩ የሰንበቴ ገበያ ቀን ነው። ያን ዕለት አያ ሰይድ ገበያተኛውን እስከነዕቃው ወደ ሚኒባሶቹ ሲያመላልሱ ይውላሉ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ይጮኻል። ፍርድ የሚጠብቁ ተጫዋቾች ሰሌዳው ላይ አፍጥጠው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ይሰለቹና ይሄዳሉ። የሄደው ሁሉ አይመለስም።

በዚህ ላይ የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ አግኝቶልኝ፣ ለኢድ መልስ እሰጣለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ። ቆርኪ እኔ ሳልቆምበት የሚሄድ ከሆነ ትቼው እሄዳለሁ። የማይሄድ ከሆነ ዘግቼው እሄዳለሁ። መዝጋቱን ሳስበው በረንዳው ባዶ ሆኖ ይታየኛል።

ስለዚህ አያ ሰይድን ልቆጣ ወሰንኩ። በጽሑፍ። መጀመሪያ «አያ ሰይድ፣ ፍርድ እየዘገየ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ደረቅ ሆነብኝ። «ትንሽ እየዘገየ ነው» አልኩ። ትንሽ አይደለም፤ ለምን እዋሻለሁ? አጠፋሁት። ሰውየው ነዳጅ ተሰልፈው፣ ፀሐይ መትቷቸው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ የማያውቁትን ሰው ጠብ በነፃ ይዳኙልኛል። ምን ብዬ ነው የምቆጣቸው? በመጨረሻ የላክሁት «አያ ሰይድ፣ አካም ዋሉ? አላህ ይጨምርልዎ» የሚል ሰላምታና ምርቃት ሆነ።

«አሚን፣ ልጄ» አሉ። ፍርዱ በማግስቱ መጣ።

ያኔ ነው ደሞዝ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ የመሰለኝ። ደሞዝ የመቆጣት ፈቃድ ነው። ተጫዋቾች ለቆርኪ ማገዣ ከሚያዋጡት ተርፎ የተቀመጠ ነበርና ብርሃኑን ቀጠርኩት። ብርሃኑ ማዶ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት ልጅ ነው፤ ተመርቆ ሥራ ይፈልግ ነበር። ውሉን ራሴ አንቀጽ በአንቀጽ ጻፍኩት። የሥራ ሰዓት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። አንድ አንቀጽም ጨመርኩበት፤ «አሠሪው ሠራተኛውን በጨዋ ቋንቋ መቆጣት ይችላል።» ለአያ ሰይድና ለዘይነባ ደግሞ አመስግኜ «እናንተ እንግዲህ እረፉ» አልኳቸው። አያ ሰይድ «ጋሪ» አሉ፤ በኦሮምኛ ጥሩ ማለት ነው። እኔም ጥሩ ነው ብዬ ያዝኩት።

ብርሃኑ ሥራውን አክባሪ ነው። አንድ ቀን አላረፈደም። ግን ቆርኪ የሚሞቀው ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ ብርሃኑም ከሥራ የሚወጣው ያኔ ነው። ልቆጣው ውሉን አወጣሁ። አነበብኩት። ልጁ ከጻፍኩት አንድ ቃል አልተላለፈም። ውሉን መልሼ አስቀመጥኩት።

ፍርዱም ልክ ነበር። የሚቀበለው ጠፋ እንጂ። አያ ሰይድ ቢሳሳቱ እንኳ «እሺ አያ» ብሎ ያልፍ የነበረ ሰው፣ ብርሃኑ ልክ ሲሆን ይሟገታል። አንድ የሰንበቴ ከብት ነጋዴ ሱቄ ድረስ መጥቶ አስረዳኝ። አያ ሰይድ ከእሱም ከባላጋራውም የሚያገኙት የለም፤ የፈረዱበት ስለተሸነፈ ነው። ይህኛው ግን ደሞዙን ለማግኘት በሆነ ሰው ላይ መፍረድ አለበት፤ ዛሬ ተራው የእሱ ሆነ ማለት ነው። ልከራከረው ፈለግኩ። ትንሽ ሳስበው እኔንም አሳመነኝ።

ኢድ ሲቃረብ ልዘጋው ቆረጥኩ። ሦስቱንም መቆሚያው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ጠራኋቸው። የምናገረውን በቅደም ተከተል ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ፤ መጀመሪያ ምስጋና፣ ከዚያ ምክንያት፣ ከዚያ ይቅርታ። ወረቀቱን ሳወጣ አያ ሰይድ እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቆይማ። ለአንተ ማነው የሚከፍልህ?»

«ማንም» አልኩ።

«አየሽ?» አሏት ዘይነባን። «ነግሬሽ የለም?»

ዘይነባ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ያረምኳቸውን የኦሮምኛ ቃላት ከረመዳን በፊት ነው የላክሁልህ። እስካሁን አላስገባሃቸውም። አሮጌ ስልክ ላይ ሰሌዳው ይደርቃል። ያባረርኩት ተሳዳቢ ስሙን ቀይሮ በዚያው ቀን ይመለሳል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? በነፃ የሚለፋ ልጅ ምን ይባላል? እጽፍና አጠፋዋለሁ። እጽፍና አጠፋዋለሁ። መጨረሻ ላይ አላህ ያበርታህ ብዬ እልከዋለሁ።»

«በየሳምንቱ እኮ ነው የምትልኪልኝ።»

«በየሳምንቱ እኮ ነው የምታበላሸው።»

አያ ሰይድ ሻይ እስኪያንቃቸው ሳቁ። «የአንተስ? ያ የገበያ ቀን የላክሃት፣ አላህ ይጨምርልዎ?»

«ፍርድ ዘግይቶብኝ ነበር» አልኩ።

«ወላሂ አውቄዋለሁ። ለሰላምታ ብቻ የምትጽፍ ልጅ አይደለህም።»

ያኔ ብርሃኑ ከክላሰሩ ወረቀት አወጣ። «የእኔ ውል በዚህ ወር ያልቃል» አለ። «ዳኛ ደሞዝ ሲበላ ማንም አያምነውም፤ አይቼዋለሁ። ሰሌዳው ሲደርቅ ግን በምርቃት አይለቅም። ደሞዙ የሚገባው የሚጠግነው ሰው ነው። ስለዚህ አንተ የጻፍከውን ውል ቀድቼ ስሙን ብቻ ቀየርኩ። የሥራ ሰዓቱንም ከውስጡ አስወጣሁት።»

አነበብኩት። ሠራተኛው እኔ ነኝ። አሠሪዎቹ እነሱ ናቸው። የመቆጣቱ አንቀጽ በቦታው አለ፤ «በጨዋ ቋንቋ» የሚለው ግን በእስክሪብቶ ተሰርዟል። ማን እንደሰረዘው አልጠየቅኩም። ዘይነባ ብርጭቆዋ ውስጥ ታይ ነበር።

ፈረምኩ። ንግግሬ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ከሱ ውስጥ ምስጋናውን ብቻ ላነብ ፈልጌ ነበር፤ አያ ሰይድ «እሱን ሥራ ከጀመርክ በኋላ» አሉኝ።

ለእናቴ የኮምቦልቻው እንደቀረ ነገርኳት። ደሞዙ ከዚያኛው ያንስ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያንሳል አልኩ፤ ከስልክ ጥገናው ጋር ግን ያኖረኛል። «አለቆችህስ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አለች። «ይቆጡኛል» አልኳት። «እንግዲያ ሥራ ነው» አለችኝ።

አሁን ቃላቱ ገብተዋል። ሰሌዳው አይደርቅም። ብርሃኑ ማዘጋጃ ቤት ሥራ ይዞ፣ ማታ ማታ በነፃ ይዳኛል፤ የገበያ ቀንም የአያ ሰይድን ይሸፍናል። ያው ብርሃኑ፣ ያው ፍርድ፣ ተጫዋቹ «እሺ ብሬ» ብሎ ያልፋል። እኔ ደግሞ በየቀኑ እቆጣለሁ፤ ማለቴ፣ ይቆጡኛል። ሰው እንደዚህ ሲያምናችሁ ደስ እንደሚል የማያውቅ ካለ ይቀጠርና ይየው።

ባለፈው ሳምንት ግን ከዘይነባ አንድ መልእክት መጣ። «ኑሬ፣ አላህ ያበርታህ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። የያዝኩትን ስልክ ጥዬ ቆርኪን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። አማርኛውን አየሁ። ኦሮምኛውን አየሁ። አሮጌ ስልክ ላይ ሞከርኩት። ምንም የለም። ጨንቆኝ «ዘይነባ፣ ምን አበላሸሁ?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ምንም። ደስ ብሎኝ ነው» አለች።

«አሚን» አልኳት። እስካሁን ግን እየፈለግኩ ነው።